የወንጪ አቀበትና የጀርባዬ ቲቢ

መጀመሪያ ያመመኝ ከወንጪ ሐይቅ ስመለስ ቁልቁለት ላይ ነው። ከትከሻዬ ዝቅ፣ ከወገቤ ከፍ ብሎ፣ ልክ አከርካሪዬ ላይ አውራ ጣት የምታህል ቦታ ጠዘጠዘችኝ። ያኔ ከአምቦ ወንጪ የሚወስደው መንገድ ፒስታ ነበር፤ ጠጠሩ የሳይክሉን መሪ አልፎ ጥርስ ድረስ ያንገጫግጫል። እንዲህ ባለ መንገድ ጀርባዬን ቢያመኝ ምን ይገርማል አልኩና ፍሬኑን ለቅቄ ወረድኩ።

ጽጌ እባላለሁ፤ አምቦ ውስጥ የስፖርት መምህር ነኝ። ጉራ ነው አትበሉኝና በምዕራብ ሸዋ ሳይክሌ ያልረገጠው ፒስታ ጥቂት ነው። ከጊንጪ ተነስቼ ጭሊሞ ጫካ ውስጥ በጥዱና በዝግባው መሃል ነድቻለሁ። ካቺሲ ድረስ ሄጄ በገበያ ቀን ከአህያ ጋር መንገድ ተጋፍቻለሁ። ከሁሉም የምኮራው ግን ወንጪ ሊደረስ ሲል ባለው አቀበት ነበር። አቀበቱ አፋፍ ላይ ለጎብኚ ፈረስ የሚያከራዩ ኦቦ ጉርሜሳ የሚባሉ ገበሬ አሉ። ከኮሶ ዛፋቸው ሥር ተቀምጠው ሳይክሉን እየገፋ የሚመጣ ሰው ሲያዩ "ቡቴ?" ይላሉ፤ በኦሮምኛ ወረድክ ወይ ማለታቸው ነው። ስንቱን ጎረምሳ በዚህች ቃል አሳፍረውታል። እኔን ግን አንድ ቀን ብለውኝ አያውቁም። "ጃባዱ ባርሲስቱ!" ነበር የሚሉኝ፤ በርቺ መምህር።

ሕመሙ አልለቅ አለ። አምቦ ውስጥ ጀርባውን ያመመው ሰው መጀመሪያ የት እንደሚሄድ የታወቀ ነው፤ ፍል ውሃ። እኔም በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቆይቶም ሦስት ቀን መዘፍዘፍ ጀመርኩ። ብዙም ሳይቆይ ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ለባለቤቴ ለደሬሳ "እየወጣልኝ ነው" አልኩት። እኛ ጋ ፍል ውሃ የገባ ሰው ሲያልበው በሽታው በላቡ እየወጣ ነው ይባላል። አመሻሽ ላይ የሚነካካኝን ትኩሳትም የውሃው ሙቀት ነው አልኩ። ከሳሁ። የስፖርት መምህር ከሳች ብሎ ማን ይደነግጣል? ቀሚሴን ሁለት ጊዜ አስጠበብኩ፤ ባልደረቦቼም "አማረብሽ" አሉኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ፍል ውሃው ሲዘገይብኝ ወጌሻ ጨመርኩበት። ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደሉም። ጀርባዬ ላይ ጎላ ያለችውን እብጠት ዳሰሱና "አጥንት ወጥታለች ልጄ፣ እመልሳታለሁ" አሉኝ። በቅቤ አሹኝ፤ በጉልበታቸው ተጫኑኝ። ጮህኩ። በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ሄድኩ። ለተማሪ አከርካሪን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬ የማስተምረው እኮ እኔ ነኝ! ሐኪም ግን አልጠየቅኩም። ስለ ሰውነት ማን ሊነግረኝ ብዬ ነው፤ ትዕቢት ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከደሬሳ ጋር ፍል ውሃው ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀመጥን። ቀኝ እግሬን አስገባሁ። ሞቀኝ። ግራዬን አስገባሁ። ምንም። አወጣሁት። ቆዳው ቀልቷል። መልሼ ነከርኩት። ምንም።

"ይኼኛው እግር ውሃው መሞቁን አያውቅም" አልኩት።

ደሬሳ ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። ልነሳ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። ያዘኝ።

"ጽጌ፣ አሁን የምንሄደው ሐኪም ቤት ነው። እንዳትከራከሪኝ።"

አልተከራከርኩም። ከእሱ ጋር ተጋብተን ስንኖር ያልተከራከርኩት ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የአምቦ ሐኪሞች ለኤምአርአይ አዲስ አበባ ላኩኝ። ጊንጪ ስንደርስ ወደ ጭሊሞ የሚታጠፈውን መንገድ በመኪናው መስኮት አየሁት። እዚህ ሁለተኛ እነዳ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ጭራሽ በእግሬ እሄድ ይሆን?

የአዲስ አበባዋ ሐኪም ወጣት ነበረች። ፊልሙን ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ሳል አለዎት?"

"የለኝም።"

"ሌሊት ያልብዎታል?"

"ያልበኛል፤ ግን ከፍል ውሃው ነው።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ከፍል ውሃው አይደለም። የአከርካሪ ቲቢ ነው። ሁለት አጥንቶችን ጎድቷል፤ መግሉ ደግሞ ሕብለ ሰረሰሩን እየተጫነ ነው።"

"እኔ እኮ አላስልም" አልኳት።

"ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ አይደለም የሚቀመጠው።" ከዚያ ጀርባዬን ስትመለከት ቅቤው ሸተታት መሰለኝ። "ሰው አሽቶዎታል?" አለችኝ። ወጌሻውን ነገርኳት። "ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዳይነካው።"

"በእግሬ እሄዳለሁ?"

"እየተደገፉም ቢሆን በእግርዎ ነው የገቡት። ይኼ ጥሩ ምልክት ነው። ቃል ግን ልገባልዎት አልችልም።"

መግሉን በመርፌ ቀዱት። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ምርመራ ቲቢ መሆኑን አረጋገጠ። ደግነቱ ዋናውን የቲቢ መድኃኒት፣ ሪፋምፒሲንን፣ የተላመደ ዓይነት አልነበረም። ቀዶ ጥገናው ይቆይ፣ በመድኃኒት እንየው ተባለ። ተኛሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ግራ እግሬ ጭራሽ አልታዘዝ አለ። ሽንት ቤት የሚወስደኝ ደሬሳ ነው፤ ተሸክሞ። አለቀስኩ። መሞትን አልነበረም የፈራሁት። ተሸካሚ ስጠብቅ መኖርን ነው።

መድኃኒቱ ለሁለት ወር አራት ዓይነት ነበር፤ ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለአሥር ወር ዋጥኩ። ሽንቴ ብርቱካንማ ሲሆን ደንግጬ ለነርሷ ስነግራት "ሪፋምፒሲኑ ነው፤ አይዞሽ፣ ያንቺ ብቻ አይደለም" ብላ አረጋጋችኝ። በሦስተኛው ሳምንት የግራ እግሬ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ። ደሬሳን ጠርቼ "እይ" አልኩት፤ አየ፣ "ድገሚው" አለኝ፣ ደገምኩት፣ እሱም አለቀሰ።

አምቦ ተመልሼ ጀርባዬን ብሬስ በሚሉት መደገፊያ ታስሬ በተኛሁባቸው ወራት፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ያዘዘልኝን እግር የማንሳት ልምምድ የምሠራው የወንጪን መንገድ በሐሳቤ እየነዳሁ ነበር፤ አሥር ጊዜ ሳነሳ ከከተማው እወጣለሁ፣ አሥር ስደግም የመጀመሪያው ወንዝ ላይ እደርሳለሁ፣ ሲደክመኝ እንሰቱ መሃል ካለው ጥላ አርፋለሁ። ደሬሳን ደብተር አስገዝቼም የማውቃቸውን ፒስታዎች በሙሉ ጻፍኩ፤ የት ውሃ እንዳለ፣ የትኛው ክረምት ላይ ጭቃ እንደሚይዝ፣ የትኛው ግቢ ውሻ እንደሚለቅ፣ የቱ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቀድሞ መያዝ እንዳለበት። ስለ ወንጪ አቀበት "እዚህ ሳትወርዱ ውጡ፤ የወረደ ነጂ አይባልም" ብዬ ነበር የጻፍኩት። ተኝቼም ትዕቢቴ አልተኛም።

በአሥራ ሁለተኛው ወር ሐኪሟ መድኃኒቱን አስቆመችኝ። ከክፍሏ በር እስከ መስኮቱ ያለ ከዘራ ሄድኩላት። ሳይክል መንዳት እንደምችል ስጠይቃት "ቀስ ብለው ይጀምሩ። ከባድ አቀበት ላይ ግን ይውረዱ" አለችኝ። ወንጪን ስለማታውቀው ነው ብዬ በሆዴ አማኋት።

ግማሽ ዓመት ሜዳ ሜዳውን ነድቼ፣ ከመስቀል በኋላ መንገዱ ሲደርቅ፣ ደሬሳ በተከራየው ሞተር ከኋላዬ እየተከተለኝ ወንጪ ወጣሁ። አቀበቱ ግማሽ ላይ ያቺ አውራ ጣት የምታህል ቦታ ቆረጠችኝ። እንደ ድሮው ጥርሴን ነክሼ ሁለት ሦስቴ ፔዳሉን መታሁት። ከዚያ ያ ገንዳ ትዝ አለኝ። ቆምኩ። ወረድኩ።

እየገፋሁ አፋፉ ላይ ስደርስ ኦቦ ጉርሜሳ ብድግ አሉ። ያቺን "ቡቴ?" ጠበቅኳት። እሳቸው ግን ለመንገዱ ብዬ ጀርባዬ ላይ ያሰርኩትን ብሬስ አይተው "ባርሲስቱ፣ ሽባ ሆነች ብለውን ነበር እኮ" አሉ። ፈረስ ሊያመጡልኝ ዞር ሲሉ ከለከልኳቸው።

"ተዉት ኦቦ ጉርሜሳ። ወርጃለሁ፤ ይዩኝ፣ በእግሬ ነው የወጣሁት!"

ከደሬሳና ከእሳቸው ጋር ሐይቁ እስከሚታይበት ድረስ በእግራችን ሄድን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ ሳልወርድ በወጣሁባቸው ዓመታት ሁሉ እንኳ።

ጀርባችሁን ለወራት አሟችሁ ያልለቀቃችሁ፣ ሌሊት የሚያልባችሁ፣ ሳታስቡት የከሳችሁ፣ እባካችሁ ሳል የለኝም ብላችሁ አትቀመጡ። እግር ሲደነዝዝ ደግሞ ነገ አትበሉ። ወጌሻ አታስነኩት። ፍል ውሃ ጥሩ ነው፤ እኔም ዛሬም እገባለሁ፣ ግን ተመርምራችሁ ግቡ። መድኃኒቱን ስትጀምሩ ተሻለኝ ብላችሁ አታቋርጡ። ሳል የለኝም ስላት ሳትተወኝ ስለ ላብ የጠየቀችኝን ሐኪም፣ በየቀኑ ክኒኔን ታስውጠኝ የነበረችውን ነርስ፣ የእግሬን ወሬ ከእኔ በፊት ያመነውን ደሬሳን አመሰግናለሁ።

ደብተሯ አሁን በአምቦ ነጂዎች እጅ ትዞራለች፤ ገጾቿን በስልክ እያነሱ ይሄዳሉ። ስለ ወንጪ አቀበት የጻፍኩትን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ ከሥሩ ሌላ ጽፌበታለሁ። "እዚህ ከደከማችሁ ወርዳችሁ በእግራችሁ ውጡ። መምህርቷም ወርዳለች።"