ሙክቱ ሲሰባ እኔ ስከሳ

በቅሎዋ ዳገቱ መሀል ላይ ተኛች። ወደቀች አልልም። ነገሩን አስባ እንደ ጨረሰች ሁሉ የፊት እግሮቿን አጠፈችና ከነኮርቻዋ፣ ከነእኔ፣ መንገዱ ላይ ተኛች። የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ቤተ ዘመዱ ሁሉ አያ እያለ የሚጠራው ሰው፣ ልጓሟን ይዞ ጎተተ። ባለ በቅሎው ከኋላ ጮኸባት። እሷ ጆሮዋን ጥላ አልነቃነቅ አለች። ወርጄ ድንጋይ ላይ ስቀመጥ ባለ በቅሎው ጎኗን እየዳሰሰ፣ ወደ እኔ ዞር ሳይል፣ "ይኸስ የሁለት በቅሎ ጭነት ነው" አለ።

ወደ እናቴ እየሄድኩ ነበር። እናቴ የምትኖረው ጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ወዲያ ባለ መንደር ነው። ከጎንደር እስከ ዳባት በጭነት ማኪና ይኬዳል፤ ከዳባት ወዲያ ሁለት ቀን ሙሉ ገደል መውረድና ዳገት መውጣት ነው። ዓይኗ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። በአያ አፍ የላከችብኝ ቃል አጭር ነው፤ "ፊቱን በእጄ ሳልዳስሰው እንዳልሞት።" እኔ ግን በቅሎ የማትሸከመኝ ሰው ሆኜ ከዚያ ዳገት ተመለስኩ። አያ ብቻውን ሽቅብ ሲወጣ ቁጭ ብዬ አየሁት። ምን ብሎ እንደሚነግራት ሳስበው አፈርኩ። ከማፈሬ ይልቅ መናደዴ ይበልጥ ነበር፣ በማን እንደሆነ እንጃ።

እንዴት እንደዚያ እንደወፈርኩ ልናገር። በጠላት ዘመን ጎንደር ላይ ሰው ሁሉ ተርቦ ነበር፤ እኔም አንገቴ እንደ ሸምበቆ የቀጠነ የዜማ ተማሪ ነበርኩ። ጠላት ሲወጣ ያ ሁሉ በየጫካውና በየእስር ቤቱ የሞተ ሰው ተዝካሩ ሳይወጣለት ቀርቶ ኖሮ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተራ በተራ ያወጣለት ጀመር። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጠራናል። እኔ በደብራችን መሪጌታ ስሆን ቅዳሜና እሑድ ብቻ ሳይሆን ሰኞም ማክሰኞም ተዝካር ነበረን። ፍትሐቱን አድርሰን ዳስ ውስጥ እንቀመጣለን፤ ጥሬ ሥጋው፣ ጠላው፣ ጠጁ ይመጣል። እምቢ ማለት ሟቹን መናቅ ነው። በዚህ ዓይነት ዓመታት አለፉ። በአጭሩ፣ የሞቱትን በልቼ ወፈርኩ።

ሰው ደግሞ ይህን እንደ በሽታ አያየውም። "አማረብዎት፣ ፊትዎ በራ" ይሉኛል። ማኅሌት ቆሜ ትንፋሽ ሲያጥረኝ በመቋሚያዬ ተደግፌ እሸፍነዋለሁ። ጉልበቴ ሲያብጥ ብርድ ነው እላለሁ። በቅሎዋ ባትተኛ ኖሮ እንደዚያው እየዋሸሁ እሞት ነበር።

ከዳገቱ እንደተመለስኩ በአንድ ዐቢይ ጾም ልከሳ ቆረጥኩ። ኮሶ በየሁለት ወሩ መጠጣት የሁላችንም ልማድ ነው፤ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው የሆድ ትል አያጣም። እኔ በየዐሥራ አምስት ቀኑ አደረግኩት። ሰውነቴን እንደሚያጥበው አምኜ ነበር፤ ያን ሁሉ ነገር ከሆዴ የሚያወጣ መድኃኒት ሥጋዬንም ማውጣት እንዴት ያቅተዋል? ቀኑን ጾሜ እውላለሁ፤ ሲመሽ የምቀምሰው አንድ እፍኝ ሽምብራ ነው። መለኪያዬ መታጠቂያዬ ነበር፤ ወገቤን ዞሮ የሚተርፈው ጫፍ ሲረዝም ደስታዬ አይጣል ነበር። ለፋሲካ ጫፉ አንድ ክንድ ሆነ። ባለቤቴ እጀ ጠባቤን አጠበበችው።

ፋሲካ ገባ። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ተዝካሩም በጾሙ ታግዶ ስለቆየ ባንድ ጊዜ ይጎርፋል። ሰኔ ሳይገባ ባለቤቴ ያጠበበችውን እጀ ጠባብ መልሳ ተረተረችው፤ መታጠቂያውም ከበፊቱ ይልቅ አጠረ። በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ ደገምኩ፣ ኮሶውን ብቻ ጨምሬ። በዚያ ጾም እኩሌታ ላይ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ መቋሚያዬን እንደያዝኩ ወደቅኩ። በቃሬዛ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ፤ ተሸካሚዎቹ በየመንገዱ እያረፉ ሲያጉረመርሙ እሰማቸው ነበር።

ሐኪም ቤት ያገኘኝ ድሬሰር፣ የሐኪሙ ረዳት፣ የጭልጋ ሰው ነው፣ እኔ ዜማ የማስተምራቸውን የሚያህል ወጣት። ሚዛን ላይ አቆመኝና የሆነውን ሁሉ ጠየቀኝ።

"የኔታ፣ ኮሶ የሚያወጣው ትሉን ነው። ስቡን አያውቀውም" አለኝ።

"ጾሙስ?"

"ጾሙን ለነፍስዎ ይጹሙ። ሥጋዎ ግን ሃምሳ አምስት ቀን የነፈጉትን በሃምሳው ቀን ይበቀልዎታል። ይህ ውፍረት በስንት ዓመት መጣ?"

"ከነጻነት ወዲህ።"

"እንግዲያው ባንድ ጾም ይሂድልኝ አይበሉ። ባንድ ማዕድ ግማሽ እንጀራ ይብሉ፤ ጾምም ይሁን ፍስክ ያው። ጠላ አንድ ዋንጫ። ጠዋት ጠዋት ይሂዱ፣ በእግርዎ። አንድ ቀን ቢስቱ ያን ቀን ይተዉትና በማግስቱ ተነሥተው ይሂዱ።"

"እስከ መቼ?"

"ዕድሜ ልክዎን።"

ተቆጣሁ። "እናቴ ዕድሜ ልኬን ቁጭ ብላ አትጠብቀኝም!" አልኩት። "እሱን እኔ ምንም ላደርገው አልችልም፣ የኔታ" አለ። ይህች መልሱ ናት ከሁሉ ያናደደችኝ። ቤቴ ገብቼ፣ እሱ ጭልጋ ሄዶ ከብቱን ይምከር እያልኩ ሰነበትኩ፤ ጤና ሲሰማኝ ደግሞ ከዚያ በፊት ጠጥቼ የማላውቀውን ያህል ኮሶ ጠጣሁ። ሦስት ቀን ዓይኔ ብዥ አለብኝ። የባለቤቴን ፊት ከግድግዳው መለየት አቃተኝ። ያን ጊዜ ፈራሁ። እናቴ ፊቴን እየዳሰሰች እኔም የእሷን ፊት በዳበሳ ስፈልግ ታየኝና አለቀስኩ። ዓይኔ ሲመለስ ኮሶውን የምጠጣበትን ቅል ሰባበርኩት።

በዚያው ሰሞን አያ ለገበያ መጣ። "እናትህ ጠቦት ገዝታ አስኮላሽታለች" አለኝ። "ሲመጣ ይታረዳል ብላ ሙክቷን አስራ ትጠብቅሃለች። ገብሱን በእጇ ነው እምታበላው፤ ለሌላ ሰው አትሰጥም።" ከዚያም አየት አደረገኝና፣ "ምነው፣ አንተን ይመስላል" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ሳልወድ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ አንገረብ ወንዝ ወረድኩ። መውረዱ ቀላል ነው፤ ሽቅቡን ዐሥራ አንድ ቦታ አረፍኩ። ውኃ የሚቀዱ ሴቶች እንስራቸውን አዝለው እያለፉኝ፣ "እንርዳዎት እንዴ?" ይሉኝ ነበር። ወር ሙሉ በየቀኑ ሄድኩ። የመታጠቂያዬ ጫፍ ንቅንቅ አላለም። ኮሶ በሳምንት የሚያደርገውን ይህ በወር አላደረገውም። ባለቤቴ እንጀራውን ከሁለት ቆርጣ ስታቀርብልኝ መጀመሪያ ፊቷን ታዞር ነበር፤ ባሏን እንደ እስረኛ የምትቀልብ መስሏት። "መሪጌታ፣ ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል?" ትላለች።

ሰውማ ሰማ። ተዝካር ላይ ግማሽ እንጀራ በልቼ እጄን ስሰበስብ አንዲት የሟች ሚስት፣ "ምነው የኔታ፣ እሱን ጠልተውት ነው?" አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። ምን ይባላል? እንደ ባሏ ያሉትን ሟቾች ስበላ የኖርኩት እኔ ነኝ ልበላት? ከደብራችን ካህናት አንዱ፣ "ከሐኪም ቤት የፈረንጅ ሃይማኖት ይዞ መጣ" ብሎ አወራብኝ። ቀስ በቀስ መጥራቱን ተዉኝ። አብረውኝ ያረጁ ጓደኞቼ ዳስ ውስጥ አጠገቤ መቀመጥ ጠሉ፤ አጠገባቸው የማይበላ ሰው ሲኖር ጉሮሯቸው ይዘጋል። አንድ ማኅበር ላይ ይህ ሁሉ መረረኝና እስክጠግብ በላሁ፣ ጠጁንም ደገምኩ። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋዬ መነሣት አሳፈረኝ። የዚያ ድሬሰር ቃል ትዝ አለኝና እየተሳደብኩ ተነሥቼ አንገረብ ወረድኩ።

በስምንተኛው ወር ይመስለኛል ዳገቱን አምስት ቦታ አርፌ ወጣሁ። ዓመቱ ሲያልፍ ሁለት ቦታ። መታጠቂያዬ ስንት እንደረዘመ መለካቱን ከተውኩ በኋላ ነው ጫፉ ጉልበቴ ደርሶ ያየሁት። አያ በመጣ ቁጥር ስለ ሙክቱ ያወራልኛል፤ ላቱ መሬት ሊነካ ነው፣ መቆም አቅቶት ተኝቶ ነው የሚበላው፣ ጎረቤት ሁሉ እረጂውና እንገላገል ይላታል። እሷ "ልጄ ይመጣል" ትላለች። እኔ፣ "ጥቂት ታገሺ፣ ዳገቱን ሳላርፍ ስወጣ እመጣለሁ በላት" እላለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ኅዳር አንገረብን ሳላርፍ ወጣሁ። በኅዳር መሄድ እችል ነበር። ይህን የምጽፈው ስለዚህች ቃል ነው፤ እችል ነበር። ግን ትንሽ ልጠንክር አልኩ፤ ደግሞም ከጥምቀት በፊት ደብሩን ጥሎ የሚሄድ መሪጌታ የለም አልኩ። መታገሥ ከነጭራሹ የማይሆንልኝ ሰው፣ መታገሥን ከተማርኩ በኋላ፣ መታገሥ በማይገባኝ ቦታ ታገሥኩ።

የጥምቀት ማግስት አያ ቤቴ መጣ። "እንሂድ" አለኝ።

"እንዴት ናት?"

"ትጠብቅሃለች።"

እስከ ዳባት በማኪና ሄድን፤ ከዚያ በእግር። በቅሎ አልተከራየንም። እኔ የመንገዱን ሁሉ ወሬ ያዝኩ፤ ስለ አንገረብ፣ ስለ ካህናቱ ሐሜት፣ ስለ ሙክቱ። ሁልጊዜ ለፍላፊው እሱ ነበር፤ ያን ቀን ግን "ሸጋ፣ ሸጋ" ብቻ ይለኛል። በቅሎዋ ከተኛችበት ቦታ ስንደርስ አልቆምኩም። የዳገቱ ጫፍ ላይ ወጥቼ እሱን ቁልቁል እያየሁ፣ "አየኸኝ አያ! አየኸኝ ወይ!" ብዬ ጮኽኩ። እሱ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ነጠላውን ዓይኑ ላይ አደረገ። ፀሐዩ መሰለኝ።

መሽቶ መንደሩ ስንደርስ ወደ እሱ ቤት ወሰደኝ። "ደክማ ተኝታለች፤ አሁን አትቀስቅሳት፣ ጠዋት ታያታለህ" አለኝ። እግሬን አጠቡኝ። በማለዳ ከበሩ ውጭ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። የነፍስ አባቷ ከፊት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን ዘቅዝቆ ከኋላ፣ ገቡ። መርዶ በአገራችን እንዲህ ነው፤ ለመንገደኛ በመንገድ ላይ አይነገርም፣ አርፎ፣ እህል ቀምሶ፣ ሲነጋ ነው። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። እናቴ ያረፈችው በገና ሰሞን ነበር። አያ ያን ዳገት አብሮኝ የወጣው ይህን ይዞ ነው። መጀመሪያ የጮኽኩት በእሱ ላይ ነው፤ ይቅር ይበለኝ። "እጇን ዘርግታ ነው የሞተች" አለኝ።

አርባዋ እስኪደርስ እዚያው ቆየሁ። ተዝካሯ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ወጣ። ፍትሐቷን እኔው መራሁ። ሙክቱን ወደ ዳሱ ሲያመጡት ሁለት ሰዎች ነበሩ የተሸከሙት፤ እግሩ አይይዘውም። ፊቴን ሳላዞር ቆሜ አየሁት። በየቀኑ እፍኝ ገብስ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ፣ በዓይነ ስውር እጅ።

ጎድኑንና ላቱን ለእኔ አቀረቡልኝ፤ የክብሩ ብልት ነው። ከእንጀራው ግማሹን አነሣሁና እንደ ልማዴ ቆረጥኩ። አያ አጠገቤ ነበር። "ብላ እንጂ" አለኝ። "ለማን ብላ ያሰባችው መሰለህ?" ቀና ብዬ አየሁት፤ ከዚያ በላሁ። ያቀረቡትን ሁሉ፣ ጮማውን፣ ላቱን፣ ሁለተኛውንም እንጀራ፣ ዳሱ ሁሉ እያየኝ፣ እንባዬ እጄ ላይ እየወረደ በላሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት ለሟች ብዬ የበላሁት አንዱ ብቻ ነው፣ ያ።

በማግስቱ ሆዴ ከብዶኝ ነቃሁ። ተነሥቼ ከመቃብሯ ቁልቁል እስከ ወንዙ ወረድኩና ተመልሼ ወጣሁ። ሽቅብ የምደርስለት ሰው አልነበረኝም። እግሬ ግን ለምዶ ነበር።