ልጆች ያላስመሰሏቸው መምህር

ፈተና ካለቀ በኋላ ያለውን የሰኔ ጊዜ በትምህርት ቤት ያሳለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ትምህርት የለም፤ ልጆቹ ግን ግቢ ውስጥ መገኘት አለባቸው። በደብረ ብርሃን ብርድ ያን ሁሉ ልጅ ያለ ሥራ ማቆየት ስለማይቻል፣ ርዕሰ መምህራችን ኃይለኢየሱስ በየዓመቱ ጨዋታ ያውጃል። ጆንያ ውስጥ ገብቶ መዝለል አለ፤ ገመድ ጉተታ አለ፤ ማንኪያ በጥርስ ነክሶ ሎሚ ተሸክሞ መሮጥ አለ። ዘንድሮ ሎሚው ድንች ሆኗል፤ ድንቹ ከሩጫው በኋላ የት እንደገባ የጥበቃው ሚስት ትጠየቅ።

የሁሉም አውራ ግን ስድስተኛ ክፍሎች መምህራንን የሚያስመስሉበት ቀን ነው። ሰናይት የምትባለውን የአማርኛ መምህር ያስመስላሉ፤ ስልኳን ጠረጴዛ ሥር ይዛ «ክፍል ነኝ፣ ክፍል ነኝ» እያለች ሩብ ሰዓት ታወራለች። የስፖርቱን ብርሃነ መስቀልን ያስመስላሉ፤ ፊሽካውን ነፍቶ ልጆቹን አሥር ዙር ያስሮጥና ራሱ ጀርባውን ፀሐይ ያሞቃል። መምህራኑ ሲያዩት ያኮርፋሉ፤ እኛ እንዲህ ነን እንዴ ይላሉ። በማግስቱ ስታፍ ክፍል ሻይ ላይ ግን እኔን ሁለት ልጆች ናቸው የሠሩኝ፣ እኔን ሦስት፣ እየተባለ ፉክክር ነው። እኔ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ነኝ። ሰኔ ላይ መጽሐፍ እረከባለሁ፤ ከመጽሐፉ ጋር ወሬውንም እረከባለሁ።

መምህር ዘሥላሴን በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ልጅ አስመስሏቸው አያውቅም።

የሒሳብ መምህር ናቸው። ትውልዳቸው እነዋሪ ነው፤ ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት መዘዞ አስተምረዋል። ባለቤታቸው ከሞተች ቆይቷል፤ ልጅ የላቸውም፤ ጠባሴ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ይኸው ነው፤ አለቀ። እኔ በሐሜት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሰው ከእኛ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ኖሮ እንዴት አንድ ወሬ አይወጣለትም ብዬ በጣም ተብከንክኛለሁ። አከራያቸውን ሻይ ጋብዤ ጠየቅኋት። «ይገባሉ፣ ይወጣሉ» አለችኝ። ለዚህ ለዚህ ሻይ ባልጋበዝኋት።

ዘንድሮ ጡረታቸው ነው። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ጠመኔ ሊወስዱ ወደ እኔ መጡና ጠመኔውን ይዘው ቆሙ። የሚሉት ነገር እንዳላቸው ገባኝ፤ አልቸኮልኩም።

«አንተ ሰው ታያለህ» አሉኝ። «እኔን አስመስል ቢሉህ ምን ታደርጋለህ?»

አፌን ከፈትኩ። የከተማውን ሰው ከነአስነጣጠሱ የማስመስል ሰውዬ ባዶ ሆኜ ቀረሁ። ጠመኔ አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩ።

«ያው... መግባት መውጣት ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ልጆቹም እንደዚያው ነው የሚሉት» አሉ። ሦስት ልጆች እሳቸው መኖራቸውን ሳያውቁ ሲመካከሩ ሰምተዋቸው ኖሯል። እሳቸውማ ምን አላቸው፣ ተባብለው ወደ ሌላ መምህር አልፈዋል። ስድስተኛ ክፍሎች በየዓመቱ በመምህራኑ እየሳቁ ሲሄዱ እሳቸውን የሚያስታውስ አንድ ልጅ እንዳይጠፋ ሰግተዋል። የቀራቸው ይህ ሰኔ ብቻ ነው።

አዝኜ ይሁን ተንኮሌ ተነሥቶብኝ አላውቅም፤ ጠባይ የሌለው ሰው ጠባይ ማበጀት ይችላል አልኳቸው። በመጽሐፍ ካርቶኖች መሃል ተቀምጠን ሦስት መረጥን። መልስ ከመጻፋቸው በፊት ሰሌዳውን ሦስት ጊዜ በጣታቸው አንጓ እንዲያንኳኩ። ሻርፓቸውን በኃይል ወደ ትከሻቸው እንዲወረውሩ። ልጅ ሲሳሳት «ቁጥር አይቀየምም» እንዲሉ።

ግንቦት ሲገባ ጀመሩ። ሰሌዳውን ሲያንኳኩ የፊት ዴስኩ ልጅ ሰው የመጣ መስሎት በር ሊከፍት ተነሣ። ሻርፑን ሲወረውሩ ቅድስት የምትባል ልጅ ትከሻዎን አሞዎት ነው ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። «ቁጥር አይቀየምም» ያሉ ቀን ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ደብተሩ ላይ ጻፈውና ፈተና ላይ ይመጣል ወይ አላቸው። እሳቸው ግን አልተውም። ማታ ማታ ወደ ቤት ሲሄዱ በእኔ በኩል ያልፉና ዛሬ አንዱ ፈገግ ሲል ያየሁ መሰለኝ ይሉኛል። እኔም አዎ፣ እየያዘ ነው እላለሁ።

የማስመሰሉ ቀን ዓርብ ዋለ። ዝናብ ስለነበር ዝግጅቱ ስድስተኛ «ለ» ክፍል ውስጥ ሆነ። መምህር ዘሥላሴ የኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ሮስተር የሚሞሉ መሰሉ፤ እኔ ዴስክ ቆጣሪ መስዬ በሩ ጋ ቆምኩ። ኤርሚያስ ኃይለኢየሱስን ሆኖ ወጣ፤ ምንም ሳይናገር ጉሮሮውን ብቻ ሲጠርግ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰናይትን ሁለት ልጆች ሠሯት። ጥበቃውን ሠሩት። እኔን ሳይቀር ሠሩኝ፤ አውራ ጣቴን በምራቄ እያራስኩ መጽሐፍ እየገለጥኩ ገጽ አርባ ሁለት የታለ የምለውን። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ በዚያ ቀን ግን አፈርኩ። ቀጥሎ መርሐ ግብር መሪዋ ቅድስት ከወረቀት ላይ ዝግጅታችንን በዚሁ ጨርሰናል ብላ አነበበች።

ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ሮስተሩ ላይ እስክሪብቶው ቆሟል።

ያኔ ንጋቷ እጇን አወጣች። ከሦስት ዓመት በፊት ቤተሰቧ ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ፣ ከከተማው ዳር ባለው የተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ የምትኖር ልጅ ናት። ብዙ አታወራም። እናቷ ፋብሪካ ውስጥ ስለምትሠራ፣ ሌሎቹ ዘጠኝ ተኩል ላይ ሲሄዱ እሷ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍሉ መስኮት ሥር ትጠብቃታለች።

«አንድ ሰው ይቀራል» አለች። «ግን ሁላችሁም ካልወጣችሁ አይሆንም። ባዶ ክፍል ነው የሚያስፈልገው።»

ተሳቀባት፤ እሷ ግን ቆማ ጠበቀች። ወጣን። ልጆቹ በየመስኮቱ ተደራርበው አፍንጫቸውን መስታወት ላይ ለጠፉ። መምህር ዘሥላሴም ሮስተሩን ደረታቸው ላይ ይዘው ከልጆቹ መሃል ቆሙ።

ንጋቷ በሩን ዘጋች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና የስም መጥሪያውን መዝገብ ገልጣ ጠራች።

«ኤርሚያስ።»

ባዶውን የኤርሚያስን ዴስክ አየች። መልስ እንደምትሰማ ቆየች።

«ኤርሚያስ፣ ዛሬ ክፍልፋዩን በራስህ መንገድ ሠራኸው። ከእኔ መንገድ ያጥራል። ልነግርህ ፈልጌ አልወጣልኝም።»

ድምፁ የእሳቸው ነበር፤ ዝቅ ያለ፣ መጨረሻውን የሚውጥ። ለካ ድምፅ ነበራቸው። ልጆቹ ወዲያው አወቁትና በሳቅ ፈነዱ። አጠገቤ ያለው ታምራት ቲቸር ናቸው፣ ቲቸር ናቸው እያለ ክርኑን ጎኔ ውስጥ ይሰካል።

«ቅድስት። ትከሻዬን አላመመኝም። ስለጠየቅሽኝ ግን ያን ቀን ደህና አደርኩ።»

ሳቁ ትንሽ ቀነሰ።

«ታምራት። አባትህ ሲመጣ ጎበዝ ነው ያልኩት ውሸቴን ነው። እውነት አድርግልኝ፤ አደራ።»

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ለካ ሁላችንም ከሄድን በኋላ ከባዶ ዴስኮች ጋር ያወሩ ኖሯል፤ ንጋቷም መስኮቱ ሥር ሆና ትሰማቸው ኖሯል። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን እየጠበቀ የኔስ፣ የኔስ እያለ መስኮቱን ይገፋ ጀመር። ንጋቷ አንድ በአንድ ጠራች። መዝገቡ ላይ ስማቸው ብቻ የቀረ፣ በዓመቱ መሃል ከመጠለያው ከነቤተሰባቸው የሄዱ ሦስት ልጆችን ሳይቀር ጠራች፤ ለእነሱ ዴስካቸውን አየት አድርጋ የት ደረሳችሁ ብላ አለፈች። መምህር ዘሥላሴን በጎን አየኋቸው። ገበያ መሃል ልብሱን የተገፈፈ ሰው ፊት ነው የነበራቸው፤ ግን ዓይናቸውን ከመስኮቱ አልነቀሉም።

መጨረሻ ላይ የራሷ ዴስክ ቀረ።

«ንጋቷ» አለች። ዴስኳን አየችና ወደ መስኮቱ ዞረች። «ቲቸር፣ የኔን ሰምቼው አላውቅም። እኔ ጋ ሲደርሱ ድምፅዎ ይጠፋል።»

ልጆቹ መንገድ ለቀቁላቸው። መምህር ዘሥላሴ ገብተው ሰሌዳው ጋ ቆሙ። እሷ ሄዳ ዴስኳ ላይ ተቀመጠች። በሩን ክፍት ስለተዉት ሁላችንም ሰማን።

«ነገም ነይ ነው የምልሽ» አሉ። «ሌላ የለውም።»

ንጋቷ አሰበችበት።

«ነገ እኮ ቅዳሜ ነው፣ ቲቸር።»

«አውቃለሁ። ዓርብም ያንኑ ነው የምልሽ።»

ያጨበጨበ አልነበረም፤ ማለቁን ያወቀ ስላልነበረ። ልጆቹ እየገቡ ቦርሳቸውን ያዙ። ኤርሚያስ ለእኔ ደግሞ ዛሬ ምን ይላሉ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ቦርሳህን አትርሳ ብቻ አሉት።

ነገሩ ደወል ሳይደወል ስታፍ ክፍል ደረሰ፤ ማን እንዳደረሰው አትጠይቁኝ። ሰናይት ታዲያ የእኔንስ ወንበር ምን ይሉታል ብላ ነገር ፈለገቻቸው። መምህር ዘሥላሴ ጊዜ ወስደው አሰቡና «ስልክሽን ዝጊ» አሏት። ብርሃነ መስቀል ሻዩ ትን አለው። እሳቸውም ሳቁ፤ ጥርሳቸውን በአሥራ አንድ ዓመት ያኔ ገና አየሁት። ሁለተኛ ሻይ ጠጡ፤ ሰው ሁሉ እስኪወጣም ተቀመጡ።

ሰኞ ግን ሌላ ሆነ። ከሰዓት ሁሉም ሲሄድ እንደ ልማዳቸው ክፍሉ ውስጥ ቀሩ። ቁልፍ ይዤ ሳልፍ አምስት ስድስት ልጆች መስኮቱ ሥር ቁጢጥ ብለው ስማቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ። ውስጥ መዝገቡ ተገልጧል፤ መምህር ዘሥላሴ የፊተኛውን ዴስክ እያዩ አፋቸውን ከፈት አደረጉ። ውጪ አንዱ ልጅ ሳቁን አፈነ። ዘጉት። ማክሰኞም ሞከሩ። ረቡዕ መዝገቡን ሳይገልጡት ቆዩ። ሐሙስ ደወሉ እንደተደወለ ጃንጥላቸውን ይዘው ከእኛ ጋር እኩል ወጡ።

በመጨረሻው ቀን መዝገቡንና ቁልፉን ሊያስረክቡኝ መጡ። ጠባይ ያበጀሁላቸው እኔ ነኝና ከብዶኝ ነበር። ከመሄድዎ በፊት አንድ ከሰዓት ይቀመጡ፣ ልጆቹን እኔ አባርርልዎታለሁ አልኳቸው።

«ልጆቹን ተዋቸው» አሉኝ። «ሰው እየሰማኝ አይወጣልኝም። አሁን ደግሞ ቢሄዱም የሚሰሙኝ ይመስለኛል።»

የምፈርምበት የት ነው ብለው ጠየቁኝ። አሳየኋቸው፤ ፈርመው ሄዱ።