ፒዛ፣ ሽማግሌና የወደፊት አማቴ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ካናዳ ካልጋሪ ላይ፣ ስኪ የሚሉትን የበረዶ ላይ መንሸራተት የጀመርኩት በፍቅር ምክንያት ነው፤ አለዚያማ ጤነኛ ሰው እግሩ ላይ ሁለት ጣውላ አስሮ ራሱን ቁልቁል አይለቅም። የምወዳት ልጅ እዚያው ያደገች ስለሆነች ለሷ ጨዋታ ነው። እንዳስረዳችኝ፣ ስኪ ሜዳ ለሜዳ የሚኬድበት አለ፣ ከማማ ላይ የሚዘለልበት አለ፣ ቁልቁል የሚወረድበትም አለ። ድሮ የኖርዌይ ሰዎች በረዶ መንገድ ሲዘጋባቸው መሄጃ አድርገውት ነበር አሉ። እኔ ቁልቁሉን መረጥኩ፤ ሥራውን ተራራው ይሠራልኛል ብዬ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዋይትሆርን ሰፈር፣ እነሷ ቤት ሽማግሌ ልልክ ነበር። አባቷ አይተውኝ አያውቁም። «የረጋ ልጅ ከሆነ እሰጣለሁ፤ ቀዥቃዣ ከሆነ ግን ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን ጠጥተው ይመለሳሉ» ብለዋል። ስለዚህ ያን ሰሞን በምኖርበት ቤልትላይን ሰፈር ዳቦ ልገዛ ስወጣ እንኳ እጄን ወደኋላ አጣምሬ ነበር የምራመደው።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን፣ ለስኪ ከከተማው ዳር ካለው ኮረብታ አናት ላይ ቆመን ሳለ ልጅቷ ቁልቁል አየችና ጮኸች።

«ኦ ማይ ጋድ፣ አባዬ መጣ! ስኪ ስትጫወቺ መጥቼ አያለሁ ሲል ጆክ መስሎኝ ነበር!»

«እንዳላየሁ ሆኜ ልለፋቸው?»

«አር ዩ ክሬዚ? አብረን ቆመን አይቶናል። ፒዛ አድርገህ ቀስ ብለህ ውረድና ሰላም በለው።»

ፒዛ ማለት የስኪዎቹን አፍንጫ አገጣጥሞ ኋላቸውን እንደ ፒዛ ቁራጭ መክፈት ነው፤ ፍሬን መሆኑ ነው። አደረግኩ፣ ሠራ። ዝግ ብዬ፣ እንደ ረጋ ሰው ወረድኩ። አባቷ ካፖርት ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው ከታች ቆመዋል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። መቼም ትልቅ ሰው ታይቶ ቀጥ ብሎ አይታለፍም፤ ኮፍያዬን አወለቅኩና ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ።

ስኪ ላይ ጎንበስ ማለት ፍጥነት መጨመሪያ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ፒዛው ተበተነ። ስፈጥን አፈርኩ፣ ሳፍር የባሰ ጎነበስኩ፣ ስጎነብስ የባሰ ፈጠንኩ። እሳቸውም ወግ አዋቂ ናቸውና መልሰው ጎንበስ አሉ። እንዲህ እየተከባበርን አጠገባቸው ሽው ብዬ አለፍኩና ከግርጌው የተዘረጋው መረብ አጥር ውስጥ ገባሁ።

ተኝቶ ደግሞ ትልቅ ሰው ሰላም አይባልም። ልነሳ ሞከርኩ፣ ወደቅኩ።

«በእግዜር! አትነሳ!» አሉ ወደኔ እየመጡ።

አትነሳ ሲሉህ እሺ ብሎ መቅረት በእኛ አገር ነውር ነው። ተነሳሁ፣ ወደቅኩ።

«ኧረ በእግዜር! በሞቴ ልጄ!»

«ኧረ አይገባም፣ አባባ!» ብዬ ተነሳሁ፤ ወደቅኩ። በመጨረሻ ትከሻዬን ይዘው በግድ ሊያስቀምጡኝ ሲጫኑኝ ከዘራቸው ሸርተት አለና እሳቸውም አጠገቤ በረዶው ላይ ዘጭ አሉ።

ልጅቷ ደረሰች። «አባዬ፣ ሽማግሌ የሚልከው እሱ ነው» አለች በቀጭን ድምፅ። አባቷ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አዩና የካፖርታቸውን በረዶ አራገፉ። አለቀልኝ ብዬ እንባዬ መጣ። በጣም ነበር የምወዳት።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሄደው ስለ እርጋታዬ ብዙ አወሩላቸው። እሳቸውም ሰምተው ሲጨርሱ፣

«እርጋታውን ተዉት፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አሉ። «ግን እግሩ እምቢ እያለው ለእኔ ሊነሳ እንዲያ የተንፈራገጠ ልጅ፣ ልጄ ብትወድቅ ጥሏት አይሄድም። ሰጥቻለሁ። ሰርጉ ብቻ በረዶ በሌለበት ወር ይሁንልኝ።»