ሰው ያልደረሰበት ቦታ

አስጎብኚው የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ መናኸሪያው በር ላይ ይቆማል፤ ጫማው ግን ዳገት ለዳገት ሲንከራተት አልቋል። ሥራው ሰው ያልደረሰበትን ቦታ ማሳየት ነው። ፏፏቴውን ያሳየው እሱ ነው፤ ዛሬ እዚያ መቆሚያ የለም። ዋሻውም እንደዚያው ሆነ። ታላቅ ወንድሙ ጫጫታ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ የሚንቀጠቀጥ ሕመምተኛ ነውና፣ መጀመሪያ ከፏፏቴው፣ ቀጥሎም ከዋሻው ሸሽቶ ጫካው ውስጥ፣ ኩሬ ዳር፣ ጎጆ ቀለሰ። ከኩሬው ወዲያ ገደል ነው። የወንድምየው ስንቅ የሚገዛው ደግሞ በዚሁ በማስጎብኘት ነው፤ ሥራ ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱ።

ዛሬ ካሜራ ያንጠለጠሉ ባልና ሚስት ከአውቶቡስ ወረዱ።

«ፏፏቴውንማ ያላየ ማን አለ?» አለች ሚስትየው። «ሌላ የለህም?»

«አልቋል፣ እትዬ። እኔው ጨረስኩት።»

«ተው እንጂ ወንድሜ፣» አለ ባልየው፤ «አስጎብኚ ለራሱ አንድ ቦታ ሳያስቀር?»

አስጎብኚው አንዴ ወደ ጫካው፣ አንዴ ወዳለቀው ጫማው አየ።

«አንድ ኩሬ አለ፣» አለ በመጨረሻ። «ስንደርስ ግን ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉልኝ። ሰው አለ።»

«ትንፍሽ አንልም፣» አለ ባልየው። ከዚያም ወደ አውቶቡሱ ዞሮ አጨበጨበ፤ «ኑ ውረዱ፣ ሁላችሁም። ተገኝቷል።»