ያልወጣው ነነዌ

አባቴ የባሕረ ሐሳብ መምህር ነበር። ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ በዓሉ መቼ እንደሚውል በጣቱ አንጓ ቆጥሮ ያወጣል። ጉና ሥር ያለችው ደብራችን ዕድሜዬን ሙሉ የጾመችውም የፈሰከችውም በእሱ ቃል ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የታተመ ቀን መቁጠሪያ ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር፤ የሰነፍ ምርኩዝ ነው ይላል። እኔ ሴት ነኝና ከተማሪዎቹ ጋር አልተቀመጥሁም፤ ከጓዳ ሆኜ ስሰማ አደግሁ። ዛሬ ደብረ ታቦር ላይ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ።

እግሩ ሲከዳው ወደ ቤቴ አመጣሁት። መጀመሪያ መነጽሩን ያስቀመጠበትን ረሳ፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን ስም፣ ቀጥሎ እናቴ መሞቷን። ቁጥሩ ግን አልጠፋውም፤ አጠገቡ ተቀምጬ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ ሳይ፣ ይኼ እስካለ አባቴ አለ እል ነበር። ሞኝ ነበርሁ።

ነነዌ ከአጫጭሮቹ አጽዋማት አንዱ ነው፤ ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ሦስት ቀን። ዮናስ ከተማይቱ ልትገለበጥ ነው ብሎ ሲሰብክ ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ ዐመድ ላይ ተቀመጠ፤ ሰውም ከብትም እህል ውኃ ሳይቀምስ ለመነና ምሕረት አገኘ። የምንጾመው ያንን አስበን ነው። በገባ በሁለት ሳምንቱ ሁዳዴ ይገባል። በመካከል ያለው ጊዜ ቅበላ ነው፤ ሰው ሥጋና ቅቤውን የሚሰናበትበት፣ ሠርግ የሚደገስበት። አባቴ ሦስቱን የነነዌ ቀን ፀሐይ እስክትጠልቅ ምንም አይቀምስም። ከጠለቀችም በኋላ አንድ እፍኝ ንፍሮና ውኃ፣ ከዚያ በላይ አይነካም።

በዚያ የካቲት ሦስቱን ቀን እንደ ልማዱ ጾመ። ሐሙስ ጧት ቅቤ ያለበት ገንፎ ይዤለት ቀረብሁ።

«ምን ነካሽ? ዛሬ እኮ ነነዌ ገባ» አለኝ።

«አባየ፣ ትናንት ወጣ።»

«ማን አወጣው?» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ዐርብ ጧት ያንኑ ሲለኝ ግን አልሳቅሁም። ቅዳሜም ያው፣ እሑድም ያው። በየማለዳው ነነዌ ዛሬ ይገባል፤ ሁለተኛውን ቀን አይቶ አያውቅም። እኔ ግን እፍኟን ንፍሮ እቆጥራለሁ፣ የአንገቱ አጥንት ሲወጣ አያለሁ።

ሰኞ የነፍስ አባታችንን ጠራኋቸው። የአባቴ የድሮ ተማሪ ናቸው፤ እሳቸው ቢነግሩት ይሰማል ብዬ ነው። ጎንበስ ብለው ጉልበቱን ስመው፣ «የኔታ፣ ነነዌ እኮ ወጣ፤ አሁን ቅበላ ነው፤ ይብሉ» አሉት።

«አንተ ባሕረ ሐሳቡን ማን አስተማረህ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ፣ የኔታ።»

«እንግዲያው በደንብ አላስተማርሁህም።»

ቄሱ ሊስቁም ሊያለቅሱም ከጀላቸው። «የኔታ፣ ሦስቱ ቀን ሞልቷል» ብለው ደገሙለት።

አባቴ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከሁለት ቀን በፊት ከተራራው በኩል ተኩስ ሲሰማ ውሎ ነበር፤ መኪናም ቆሟል፣ ትምህርት ቤታችንም ተዘግቷል። «ከሞላ ምሕረቱ የታለ?» አለ። ቄሱ ቡናም ሳይጠጡ ሄዱ። እውነቱን ለመናገር እኔም በዚያ ሰሞን ለነነዌ ሰዎች የተሰጣቸው ሦስት ቀን ለእኛ ለምን እንደማይበቃን እግዜርን በንዴት እጠይቀው ነበር። ሲነጋም አልመለሰልኝ፣ ሲመሽም አልመለሰልኝ።

ጤና ጣቢያ ወስጄው ነርሷ ክብደቱን አይታ ደነገጠች። «እማማ፣ መድኃኒት የለኝም፤ እሳቸው ይብሉ» አለችኝ። ይብሉ! ያንን ማን አጣው።

ሐሙስ፣ በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ከአልጋው ራሱን ችሎ መነሣት አቃተው። ጎረቤቴ ልጇን ልትድር ድንኳን ተክላ ነበር፤ ከግቢዋ የሽንኩርትና የቅቤ ሽታ ወደኛ ይመጣል። ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ከሷ አንድ ዶሮ ለመንሁ፣ አሳርጄ ሠራሁት፣ እንቁላል ጨመርሁበት። ነጠላዬን አጣፍቼ ገባሁና፣ «አባየ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ» አልሁት።

ዓይኑን ገለጠ። «ፋሲካ?»

«ፋሲካ።»

«ሁዳዴውስ?»

«ታመው ነበር፤ ተኝተው አለፈዎ።»

ዕንባው መጣ። «ሕማማትንስ ሳልሰግድ?»

«ሰግደዋል፤ ደግፌዎ ሰግደዋል።» ዶሮው ኃጢአት አልነበረም፤ ቅበላ ነው፣ ሐሙስ ነው፣ ማንም ይበላዋል። ውሸቱን ግን አንዱን ባንዱ ላይ እንደ እንጨት ከመርሁት፤ ምንም አልከበደኝም፣ ቀለለኝ እንጂ።

ደግፌ አስቀመጥሁት። እንጀራውን ባረከ። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ከእጄ ተቀበለ፣ ሁለተኛዋን ተቀበለ፣ ሦስተኛዋን ራሱ አፉን ከፍቶ ጠበቀ። ደስታዬን ምን ብዬ ልናገረው! ፊቱ ላይ ደም ሲመለስ ያየሁ መሰለኝ። እንቁላሉን ቆርሼ፣ መረቁን አጥቅሼ ሳጎርሰው በልቤ እዘፍናለሁ።

«ጥሩ ሠርተሽዋል» አለኝ እያኘከ። «ዕለቱ ማን ነው?»

«ሐሙስ» አልሁት። ሐሳቤ ሁሉ ጉርሻው ላይ ነበር።

ማኘኩን አቆመ። አውራ ጣቱ በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ አንድ ጊዜ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ አየኝ፤ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ፣ ማን እንደሆንሁ አውቆ አየኝ።

«ፋሲካ ከእሑድ አይወጣም» አለ።

 አፉ ውስጥ ያለውን አልተፋውም፤ እየመረረው ዋጠው። ሰሐኑን በሁለት እጁ ወደኔ ገፋው።

«እኔስ ቀኑ ጠፍቶብኝ ነው» አለኝ፤ ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም። «አንቺ ግን ታውቂው ነበር።»

እግሩ ላይ ወደቅሁ፤ አባየ ይማሩኝ፣ እንዳይሞቱብኝ ፈርቼ ነው አልሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በማግስቱ ይረሳዋል ብዬ ተጽናናሁ፤ ሁሉን ይረሳ የለ።

አልረሳውም። ስሜን ረስቷል፣ ልጁ መሆኔንም ረስቷል፣ ነነዌንም ከዚያ ወዲያ አላነሣውም። ሰሐን ይዤ ስገባ ግን ከንፈሩን ይገጥማል። ጎረቤቴ ስታጎርሰው ይበላል፤ ጾም ነው ብትለው ያምናታል፣ ፍስክ ነው ብትለው ያምናታል። እናም በየቀኑ እመጣለሁ ባለችበት ሰዓት ወጡን ሠርቼ በር ላይ አቀብላታለሁ፣ እስኪጨርስም እንዳያየኝ ከውጭ ግድግዳውን ተደግፌ እቆማለሁ።