ለማሊያው የተላኩ ሽማግሌዎች

በኮሮና ጊዜ ሰው ዱቄትና ሳሙና ሲያከማች እኔ የቤዝቦል ማሊያ አከማች ነበር። ቤዝቦል ተጫውቼ አላውቅም፤ ሕጉም እስካሁን በቅጡ አልገባኝም። በስደት በምኖርበት አገር፣ ጀፕ በሚባል ሰፈር ባለው ሱቄ የሳልባጅ ቦንዳ ስፈታ፣ አንድ ቀን ቁጥሩ በእጅ የተሰፋ የድሮ የሱፍ ማሊያ አገኘሁና ልክፍት ሆነብኝ። ተጫዋች የለበሰውን የምለየው ክርኑ ላይ በሳሳው ጨርቅና በማይለቀው የሣር እድፍ ነው። ባለቤቴ፣ "የማታውቀውን ሰው ላብ ሰብሳቢ" ትለኛለች።

ከሁሉ ያማረኝ ግን ቦንዳ ውስጥ አልነበረም። ጀርሚስተን የሚኖሩ አንድ አዛውንት ደንበኛ ነበሩኝ፤ በሰፈሩ አጠራር ማዳላ፣ አባባ እንደማለት፣ እንላቸዋለን። በወጣትነታቸው ለሰፈራቸው ቡድን ቤዝቦል ተጫውተዋል፤ ማሊያቸውም ቁም ሳጥናቸው ውስጥ አለ። ስንት ጊዜ ለመንኳቸው። መልሳቸው "አይሸጥም" ነው። ማሊያው እንቅልፍ ነሳኝ።

በመጨረሻ አገር ቤት የሚደረገውን አደረግሁ፤ ሽማግሌ ላክሁ። ዛንድስፕሩት በሚባል ሰፈር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ ያላቸው ሦስት የቤተ ክርስቲያናችን ትልልቅ ሰዎች ኮታቸውን ለብሰው፣ ማስካቸውን አጥልቀው፣ ርቀታቸውን ጠብቀው ማዳላ በር ላይ ተደረደሩ። "ሳኒቦናኒ" ብለው ሰላምታ ሰጡ። ወንበር ቢወጣላቸውም፣ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ። እኔ ከመኪናዬ ሆኜ አያለሁ።

ማዳላ ይህን አቋቋም ያውቁታል፤ በእነሱም ባህል ልጅ ለትዳር ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው በር ላይ ይቆማል። የልጅ ልጃቸውን ጠሩና፣ "ከነዚህ የትኛው ነው የፈለገሽ?" አሏት። ልጅቷ ሦስቱንም በየተራ አየችና፣ "ሁሉም ያረጁ ናቸው" አለች።

አንደኛው ሽማግሌ ፈራ ተባ እያሉ፣ "የመጣነውስ ለማሊያው ነው" አሉ። ማዳላ እስኪያስላቸው ሳቁ። ያኔ ሳል ያስደነግጥ ስለነበር ሦስቱም ወደ ኋላ ሸሹ።

"እንዲህ በክብር ከተጠየቅሁማ እንዴት እንቢ እላለሁ" ብለው አጣጥፈው አመጡት። እኔ በደስታ ከመኪናው ዘልዬ ወረድኩ፤ ርቀቱ ትዝ ያለኝ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ካልኩ በኋላ ነው።

ክልከላው ሲላላ፣ ሙሽራ ለመልስ ወላጆቿ ቤት እንደምትሄደው፣ ማሊያውን ይዤ ማዳላ ቤት ለመልስ ሄድኩ። ለበሱት። ሆዳቸው ላይ አልቆለፍ አለ። የመጥረጊያ እንጨት ይዘው ግቢው መሃል ሲቆሙ ግን ወገባቸው ቀና አለ። የልጅ ልጃቸው ብርቱካን ወረወረችላቸው፤ መቱት። ጭማቂው ሁላችንንም ረጨን፤ ማሊያው ላይም አዲስ እድፍ ተጨመረ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ልሄድ ስነሣ ማሊያውን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። አላወለቁትም።

"ልጃችን አባቷ ቤት ናት" አሉኝ። "ከፈለግሃት ሽማግሌ ላክ።"

ባዶ እጄን፣ ብቻዬን እየሳቅሁ ተመለስኩ። ሽማግሌ እስካሁን አልላክሁም፤ ማሊያውን ባለቤቱ ራሳቸው ለብሰውት ካየሁ በኋላ ምን ልሰበስብ ብዬ።