ምንጣፉን በደረቁ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ሲኞር አልዶ መዶሻ፣ አንድ ጆንያ ካስማና የተጠቀለለ ምንጣፍ አስረከቡኝና "ዘርጋው" አሉኝ። ከየት እስከ የት እንደሚዘረጋ አላውቅም። ክሪኬት የሚባል ጨዋታ ያየሁት ሮም አጠገብ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ሳለሁ፣ ባንግላዴሾቹ ግቢ ውስጥ ሲጫወቱ ነው። ማን እንዳሸነፈ ሳይገባኝ ከመጠለያው ወጣሁ።

ሥራውን ያገኙልኝ እትዬ አስካለ ናቸው። በሲኞር አልዶ ቤት ብዙ ዘመን የሠሩ ሴት ናቸው። ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አገኙኝና፣ "አሎራ፣ ሲኞሬው ክለብ አላቸው፤ ለሜዳው ኩስቶዴ ይፈልጋሉ። ሰኞ ፔርሜሶህን ይዘህ ና። ደግሞ እንዳታሳፍረኝ ልጄ" አሉኝ። ፔርሜሶ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃዴን ነው።

ኩስቶዴ በር ይከፍታል፣ ሣር ያጭዳል፣ መታጠቢያ ቤት ያጸዳል። በክሪኬት ሜዳ ግን ዋናው ሥራ ምንጣፉ ነው። ወርዋሪው ኳሷን መሬት አንጥሮ ወደ መቺው ይልካታል። ከመቺው ኋላ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ከመታች መቺው ከጨዋታ ይወጣል። የምትነጥረው ከኮኮናት ቃጫ በተሠራው በዚያ ረጅም ምንጣፍ ላይ ነው። ምንጣፉ ከተወጠረ ኳሷ ቀጥ ብላ ትነሳለች፤ ከላላ ቃጫው ይይዛታል፣ ወዳልታሰበ አቅጣጫም ትታጠፋለች።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ የክለቡ ወርዋሪ ራጁ ነው። አገሩ ሕንድ፣ ፑንጃብ ሳለ ለክፍለ ግዛቱ ወጣት ቡድን ይወረውር ነበር። አጎቱን ተከትሎ ሮም መጣና የፈረስ ጋጣ ውስጥ ሥራ ያዘ። እሑድ እሑድ ፈረስ ፈረስ እየሸተተ እኛ ጋ ይመጣል። የእሱን አወራወር ሌግ ስፒን ይሉታል። እየሮጠ በጉልበት የሚወረውር አይደለም፤ ጥቂት ተራምዶ ኳሷን በእጁ አንጓ አሹሮ ይለቃታል። ወደ መቺው እግር የመጣች መስላ፣ ስትነጥር ወደ ውጭ ትሸሻለች። አልፎ አልፎ ደግሞ በዚያው እጅ ተቃራኒዋን፣ ወደ ውስጥ የምትገባውን፣ ይልካል። ለልምምድ መሐረብ አንጥፎ እሱ ላይ ነበር የሚያሳርፋት። የቀለበት ጣቱ ቆዳ ተልጦ እንኳ አያቆምም።

የመጀመሪያው ግጥሚያ ዕለት ጉድ ሠራሁ። አባቴ ደብረ ብርሃን ከበሮ ሠሪ ነበር። ቆዳውን ውሃ ውስጥ ይነክራል፣ በእርጥቡ ይወጥራል፣ ሲደርቅ ጥርቅም ይላል። እኔም ምንጣፉን በውሃ ጎማ አርጥቤ፣ ስቤ፣ ካስማውን መታሁ። ሳንኳኳው ከበሮ ከበሮ አለኝ። ኮራሁ።

ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታው እንደ አሮጌ ካልሲ ረገበ። አንዷ ኳስ እጥፋቱን መትታ የመቺውን ጎድን አገኘችው። የራጁ ኳሶች ደግሞ እንደ እባብ ይጥመዘመዙ ጀመር፤ መቺዎቹ ተራ በተራ ወጡለት። እንግዶቹ "ሌቦች! ምንጣፉን ለእሱ ብላችሁ አላልታችሁት!" ብለው ጮኹ። ራጁ ጎንበስ ብሎ ቃጫውን ዳሰሰና "አጠጣኸው እንዴ? ይሄ ገመድ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያጥራል፣ ሲደርቅ ይረዝማል" አለኝ። እትዬ አስካለ ሲሰሙ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ብለው ሳቁብኝ። ሲኞር አልዶ ግን አልሳቁም፤ ራጁ ያን ቀን የሠራውን በልባቸው ይዘውት ኖሩ።

ዓመታት አለፉ። ራጁ ትከሻውን ይታመም ጀመር። ጋጣ ውስጥ ድርቆሽ እየተሸከመ እሑድ መወርወር ቀላል አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ይመኝ ነበር፤ አንዴ እንኳ የብሔራዊ ቡድን ማሊያ መልበስ። አገሩ ላይ አመለጠው። እዚህ ጣሊያን ግን ለዓመታት ለኖረ የውጭ ሰውም ይፈቀድ ነበርና፣ አንድ ቀን የቡድኑ መራጭ ሊያዩት እንደሚመጡ ተሰማ። ዕድሜው ሄዷል። ሌላ ዕድል እንደሌለው ሁላችንም እናውቃለን።

የዚያን ዕለት ጠዋት ምንጣፉን ሳልዘረጋ ሲኞር አልዶ መጡ።

"አሎራ ታደሰ፣ ዛሬ አጠጣው" አሉኝ።

የረሱት መስሎኝ፣ "ሲኞር አልዶ፣ ሲደርቅ እኮ ይላላል" አልኳቸው።

"አውቃለሁ።" ፊታቸውን ወደ አጥሩ መለሱ። "ብዙ አይደለም፣ ትንሽ። ትከሻው እንደ ድሮው አይደለም፤ ዛሬ ካልታየ ማንም አያየውም። ያንተም ኮንትራቶ መስከረም ላይ ያልቃል፣ እንነጋገራለን። ቫ ቤኔ?"

ጎማውን ይዤ ቆምኩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ራጁን ይወዱታል። እኔም ከእሳቸው ባልበልጥ አላንስም። ማሊያውን ለብሶ ባየው ደስታዬ ነበር። ኮንትራቶ ከሌለኝ ደግሞ ፔርሜሶዬ አይታደስም። ቧንቧውን ከፈትኩ። ውሃው ሣሩ ላይ ይፈስሳል፣ እኔ ምንጣፉን አያለሁ።

ራጁ ከወትሮው ቀድሞ ደረሰ። ጎማውን አየ፣ ምንጣፉን አየ፣ እኔን አየኝ።

"ደረቅ ነው?"

"እስካሁን።"

ገባው። ቦርሳውን አስቀመጠና፣ "ያን ጊዜ ምንጣፉ የላላ ዕለት ስንቱን አስወጣሁ? አንድ ሰው እንኳ ጥሩ ወረወርክ አላለኝም" አለ።

"መራጩ ያን አያውቁም።"

"ዝጋው ታደሰ።"

ዘጋሁት። "ተው፣ ትከሻህን" ብዬ ብከለክለውም አልሰማኝም፤ ምንጣፉን በግራ እጁ ከእኔ ጋር ሳበው። በደረቁ ወጥረን ካስማውን መታን። ዳኛው መጥቶ በእግሩ ሞከረውና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

የራጁ የመጀመሪያዎቹ ኳሶች ቀጥ ብለው ተነሡ፤ መቺው እንደ ልቡ መታቸው። አንዷ ከአጥር ውጭ ወጣች። ነጭ ባርኔጣ ያደረጉት ሽማግሌ መራጭ ያያሉ። ሲኞር አልዶ ዞረው አዩኝ። የራጁን ዕድል በገዛ መዶሻዬ ቸንክሬ የዘጋሁት መሰለኝ፤ ራሴን ረገምኩ።

ከዚያ ራጁ ቀዝቀዝ አለ። ኳሷን ከፍ አድርጎ፣ አዘግይቶ ለቀቃት። መቺው ሊመታ ወደፊት ተራመደ፣ ሳታት፤ በጥቂቱ ብቻ ታጥፋ የዳሩን እንጨት ጣለችው። ቆይቶ ያቺን ተቃራኒዋን ላከ፤ ሌላው መቺ እንደ ወትሮዋ ወደ ውጭ ትሸሻለች ብሎ ጠበቃት፤ ወደ ውስጥ ገብታ መካከለኛውን ነቀለችው። ጮኽኩ፤ ኩስቶዴ እንደማይጮኽ ረስቼ። ከዚያ በኋላ ትከሻው እምቢ አለው። ኳሷን ለአምበሉ ሰጥቶ ከሜዳው ወጣ።

መራጩ ቧንቧው አጠገብ አነጋገሩት። እኔ ካስማ እየነቀልኩ እሰማለሁ። "ለቡድኑ የምፈልገው ወጣት ነው፤ ይቅርታ" አሉት። ጨብጠውት ሌላም ነገር ተናገሩ፤ እሱን አልሰማሁትም።

ሲኞር አልዶ አጠገቤ መጥተው "ደስ አለህ?" አሉኝና መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ። እንባዬ መጣ፣ አላፈርኩበትም።

ራጁ መጥቶ የምንጣፉን ሌላ ጫፍ ያዘ። እየጠቀለልን "በደልኩህ ይሆን?" አልኩት።

"ሁለት አስወጣሁ" አለ። "ሰውየው ሲሰናበቱኝ ጥሩ ወረወርክ አሉኝ።"

መስከረም ላይ ሲኞር አልዶ ኮንትራቶውን አደሱልኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። "አጠጣው" ግን ዳግመኛ አላሉኝም።

ከእኔ በኋላ መዶሻውን ለያዛችሁ፦ ቆዳ በእርጥቡ ይወጠራል። ምንጣፍ በደረቁ።